የኤሊፍ ዘመዶች

የሰፈራችን እድር የማን ወርሃዊ መዋጮ እንደጎደለ ለማጣራት ሦስት ስብሰባ ይፈጅበት ነበር። የኤሊፍን አባት ማን እንደገደላቸው ለማወቅ ግን ቡናው ገና አቦል ላይ እያለ አራት ተጠርጣሪ ይቀርባል፤ ቶናው ላይ ሁለቱ በነፃ ይለቀቃሉ፤ በረካው ሲቀዳ ፍርዱ ያልቃል። ፖሊሱ ኦመር ያን ሁሉ ጊዜ ከሚንከራተት እኛ ሰፈር ብቅ ብሎ አንድ ስኒ ቢጠጣ ኖሮ ድራማው በሳምንቱ ባለቀ።

ነገሩን ረስቻለሁ የሚል ውሸታም ካለ ላስታውሰው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. መጣና «ካራ ፓራ አሽክ» የተባለውን የቱርክ ድራማ «ጥቁር ፍቅር» ብሎ ስም አውጥቶለት በአማርኛ አስወራልን። ኤሊፍ የሀብታም ልጅ ናት፤ ጌጣጌጥ ትነድፋለች። አባቷ መኪና ውስጥ ተገድለው ይገኛሉ፤ አጠገባቸው ሞታ የተገኘችው ደግሞ የኦመር እጮኛ ናት። ለቡና ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ጎረቤቴ እትዬ (ስማቸውን ከጠራሁ ዳግመኛ ቡና አይጠሩኝም) በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ደንግጬ የማን ለቅሶ እንደሆነ ብጠይቃቸው «የዚያች ልጅ አባት ናቸዋ» አሉኝ። ከዚያም ድራማው በቀጠለ ቁጥር ሐዘኑ ወደ ቁጣ ተለወጠባቸው። «አርባቸው እንኳ ሳይወጣ ተረከዛም ጫማ! የሚመክራት ትልቅ ሰው የላትም?»

የሚመክራትማ ሞልቷል፤ ችግሩ ሁላችንም የምንኖረው አዲስ አበባ ነው።

ኤሊፍን ሆና የምትጫወተው ቱባ ቡዩኩስቱን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢስታንቡል ተወለደች። ሚማር ሲናን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ትወና ሳይሆን የአልባሳት ንድፍ ነው። ሰው አልብሳ ልትኖር የተማረች ልጅ ማለት ናት። ይህን ያልሰማን እኛ ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ተደርድረን «ኮቱ ለቁመቷ አይሆንም»፣ «ቀለም አታውቅም» እያልን በየሳምንቱ ስንጥላት ከረምን። ከፀጉር ቤት ወጥተን ግን በስልካችን የያዝነውን ፎቶዋን ለልብስ ሰፊው እናሳያለን። «ልክ እንደዚህ አድርገህ!» ሰፊው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየና ሜትሩን አንገቱ ላይ እየመለሰ «እህቴ፣ እኔ የምሰፋው ልብሱን ብቻ ነው» አለኝ።

የትዳሯ ነገር ደግሞ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ቱባ ኦኑር ሳይላክ የሚባል ተዋናይ አግብታ እ.ኤ.አ. በ2012 መንታ ወልዳለች። ድራማው ቱርክ ውስጥ መታየት የጀመረው በ2014 ነው። ስለዚህ ያንን ሁሉ እንባ ስታፈስ፣ ያንን ሁሉ ኦመርን ስታይ፣ ቤቷ ሁለት ሕፃናት ነበሯት። የእትዬ ልጅ ይህን ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ ያነበበች ቀን ቤቱ ፀጥ አለ። የሚሰማው የጀበናው መንተክተክ ብቻ ነበር። በመጨረሻ እትዬ ረከቦቱን ገፋ አድርገው «ኦመር ያውቃል?» አሉ።

«እማዬ፣ ድራማ እኮ ነው!»

«እሱስ ይሁን። ግን ነግራዋለች?»

እ.ኤ.አ. በ2017 ባልና ሚስቱ መፋታታቸው ሲሰማ ምን እንደሆነ ብናገር ያሳፍራል። እኛ ሰፈር የሰው ትዳር ሲናጋ ሽማግሌ ይላካል፤ ለቱባ ግን እልል ተባለላት። እኔ እልል አላልኩም። ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር።

ከቤይሩት የተመለሰችው ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ግርግር በትዕቢት ነበር የምታየው። «እናንተ ዛሬ ነው ያወቃችኋት። እኔ እማዳሜ ቤት ‹አሲ› ላይ ፈረስ ስትጋልብ ጀምሮ አውቃታለሁ» ትለናለች። እውነቷን ነው። ቱባ አንታክያ አካባቢ የገበሬ ልጅ ሆና የተጫወተችበት ያ ድራማ በሶርያ አረብኛ ተተርጉሞ የአረቡን አገር ሁሉ አዳርሷል። ጣጣው የመጣው ልጅቷ «አማርኛው ድምፅ የሷ አይደለም፤ እኔ የሷን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ለስለስ ያለ አረብኛ ነው» ያለች ጊዜ ነው። እትዬ ተቆጡ። «እንዴት አማርኛው የሷ አይሆንም? አፏ ሲከፈት አይደል እንዴ የሚወጣው!» ክርክሩ ሲጦፍ አንድ ጎረምሳ ቱባ በራሷ አንደበት፣ በቱርክኛ፣ ቃለ መጠይቅ የሰጠችበትን ቪዲዮ ከፍቶ አሰማን። ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን አዳመጥን። ቤይሩትና አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት ያን ቀን ነው፤ ይሄ ድምፅ በፍጹም አይሄድባትም።

ይኸው ጎረምሳ ሌላ ጊዜ የሷን ፊልም ላሳያችሁ ብሎ «ባባም ቬ ኦሉም»ን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ ቱርኮችን በሲኒማ ቤት በር ላይ መሀረብ ያስያዘ ፊልም ነው። ሰብሰብ ብለን፣ ፈንዲሻ አፈንድተን ጀመርን። ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ቱባ ምጧ ይመጣል፤ ሌሊቱ የ1980ው የቱርክ መፈንቅለ መንግሥት ሌሊት ነው፤ ሆስፒታል የሚያደርስ የለም፤ ልጇን ወልዳ ትሞታለች። በቃ። ፈንዲሻው እንኳ አልቀዘቀዘም። እትዬ ጎረምሳውን እንደ ሐኪም ጠየቁት። «ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር?» ቀሪውን ፊልም ያየው ጎረምሳው ብቻውን ነው። እኛ ሬሳ ጥለን ወደ ቃና ዞርን፤ እዚያ በሕይወት አለችልን።

የኢንተርናሽናል ኤሚ ሽልማት ነገር ቶሎ ይለፈኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 «20 ደቂቃ» በተባለው ድራማ ባልሠራችው ወንጀል የምትታሰር ሚስት ሆና ስለተጫወተች በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጭታ ነበር። አላሸነፈችም። ድራማውን ከመካከላችን ያየ አንድም ሰው የለም፤ ግን ዳኞቹ መገዛታቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

የኛዎቹ ከያኒዎች በዚያን ሰሞን የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተተረጎመ መምጣቱ የአገር ውስጡን ሥራ ይገድላል ብለው ተቃውመው ነበር። እኛም ከልባችን ደገፍናቸው። «የራሳችን እያለ!» ብለን ተንገበገብን፣ ሰዓታችንን አየንና «በሉ ልትጀምር ነው» ተባብለን ተለያየን። ደግሞ የራሳችንን ተዋናይት ስናገኝ ምን እንደምናደርጋት እናውቃለን። እህል በረንዳ ጤፍ ስትመርጥ ይዘን «ባልሽን ለምን መረዝሽው?» እንላታለን። ለቱባ ያለን ፍቅር ያልተበላሸው ጤፍ ስለማትገዛ ይመስለኛል።

ድራማው ቱርክ ውስጥ በ54 ክፍል አልቋል፤ እዚያ አንዱ ክፍል ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ትልቅ ቤተሰብ ዶሮ ተበልቶ ተበልቶ ስለተዳረሰ ኦመር በር ለመክፈት እጁን ሰኞ ዘርግቶ እጀታውን የሚይዘው ማክሰኞ ነበር። በመካከሉ መብራት ከሄደ ደግሞ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ገብቶ፣ ታርቆ፣ ተጣልቶ ይጠብቀናል። ያን ጊዜ ጄኔሬተር ያለው ሥጋ ቤት ሥጋ የማይበሉ ደንበኞች አፈራ። በጾም ጭምር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የታክሲው ነገር ነው። ከመገናኛ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ወራጅ አለ» አለች። መኪናው ሙሉ ዞረ። ድምፁ የኤሊፍ ነው፤ አትጠራጠሩ፣ ሌት ተቀን የሰማነው ድምፅ ነው። የተቀመጠችው ግን እንደኔና እንዳንቺ ያለች፣ ሻርፕ የጠመጠመች፣ በፌስታል ሽንኩርት የያዘች ልጅ ናት። ስቱዲዮ ገብታ ከቱባ ከንፈር ጋር እስትንፋሷን ስታስተካክል የምትውለዋ እሷ ትሁን አትሁን እንጃ፤ የጠየቃት የለም። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና በሐዘኔታ «ልጄ፣ ድምፅሽ ቁርጥ ኤሊፍን ነው። መልኩን ግን እሷ ወሰደችው» አሏት። ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋም የኤሊፍ ነው። መቶ ብር ለረዳቱ ዘረጋች።

ረዳቱ ብሩን አየና «ኤሊፍም ብትሆኚ ዝርዝር የለም» አላት።