የአምፖል ሚኒስትር

እጃጂ ከተማ ውስጥ የመብራት ቁጠባ ሚኒስትር በየቤቱ አለ፤ ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። የደጁ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ በርታ ካያት «ይቺን ደግሞ ማን አበራት?» ይላል። እንግዳ በጨለማ ደፉ አደናቅፎት ጉልበቱ ቢላጥ ይላጥ፤ ብቻ ቆጣሪው አይሩጥ። ጓዳ ውስጥ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ የሚስበው ምጣድ ሲግል ግን ክቡርነታቸው ጭጭ ነው፤ እንጀራ ይወዳሉዋ! የምጣዱ የአንድ ሰዓት ፍጆታ ያቺን አምፖል ቀንና ሌሊት ሳትጠፋ ከግማሽ ወር በላይ ያበራታል።

የ2011ዱ የታሪፍ ጭማሪ ትዝ ሲለው ደግሞ «በእንጨት ጋግሩ» ይላል። እውነት ነው፣ ቆጣሪው የሸክም እንጨት ዋጋ አይመዘግብም። ጭሱ የማንን ዓይን እንደሚያስለቅስም አይጽፍም፤ የእሱን እንዳልሆነ ግን የታወቀ ነው።

መላው የተገኘው ከባለቤቱ ነው። ምጣዱን ከቅዝቃዜ አንስቶ ማጋሉም ራሱን የቻለ ፍጆታ አለው ብላ፣ ጎረቤቷን ከነሊጧ ጠራቻት፤ በአንድ ግለት የሁለት ቤት እንጀራ ወጣ፣ ሒሳቡም ለሁለት ተከፈለ። አባወራው ግን አልተዋጠለትም፤ «በእኛ ቆጣሪ ሰው ጋገረ» ብሎ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።