የክቡር እስታቴር አጭር የሕይወት ታሪክ

ክቡራን ለቀስተኞች፣

የኬልት ነገዶች የወርቅ ሳንቲም የነበሩት ክቡር እስታቴር የተወለዱት ከጌታ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕት ዓመት ገደማ ነው። አባታቸው የመቄዶንያው ንጉሥ የዳግማዊ ፊልጶስ የወርቅ ሳንቲም ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ባዕድ አገር ተቀጥረው የተዋጉ የኬልት ወታደሮች ደመወዝ ናቸው ይባላል። (በወንጌል ከዓሣ አፍ የወጡት እስታቴር ብር እንጂ ወርቅ ስላልሆኑ ዝምድናው የሩቅ ነው።)

ሟች በመልክ አባታቸውን አልወጡም። አባትየው በአንድ ፊት የግሪኮች አምላክ የአፖሎ ራስ፣ በሌላው ባለሁለት ፈረስ ሠረገላ ነበራቸው። በጋውል (በዛሬዋ ፈረንሳይ)ና በብሪታንያ ግን ቀራጺዎች ቅጂን ከቅጂ ሲገለብጡ የአፖሎ ፊት ተሰወረ፤ ጠጉሩና ጉንጉኑ ቀረ። ከሠረገላው አንድ ጎማ ተረፈ። ከፈረሶቹ አንዱ ጠፋ፤ ሌላው እግሩና አንገቱ ተፈታትቶ ነጥብና ቅስት ብቻ ሆነ። ሩጫው ግን ከአባትየው ፈረሶች ይበልጣል። ይህን ድንቁርና ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ፈረስ አያውቁም።

ክቡርነታቸው ገበያ ወርደው ሽንኩርት ገዝተው አያውቁም። ሥራቸው ከአለቃ እጅ ወደ ተዋጊ እጅ መሻገር ነበር፤ ጦርነት በበዛ ቁጥር እሳቸው ሳሱ። ብሩና መዳቡ እየተጨመረባቸው ደማቸው ቀጠነ። ሮማዊው ዩልዮስ ቄሳር ከ58 ቅድመ ልደት ጀምሮ ጋውልን ሲወር ባሰባቸው። የዘረፈው ወርቅ ከመብዛቱ የተነሣ ኢጣሊያ ውስጥ በርካሽ እንደቸበቸበው የታሪክ ጸሐፊው ሱዌቶንዮስ ጽፏል፤ ከዚህ በኋላ ሐኪም ምን ይሠራል? ብሪታንያ ውስጥ ግን በንጉሥ ኩኖበሊን ዘመን የገብስ ዛላ ታትሞባቸው ጥቂት አገገሙ። እ.ኤ.አ. በ43 ሮማውያን እዚያም ደረሱ፤ ሟችም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

በጀርመን ባቫርያ የተቀበሩት ጎድጓዳ ዘመዶቻቸው ዝናብ ባጠበው እርሻ ላይ ብቅ ሲሉ፣ ገበሬው ከቀስተ ደመና የወደቁ ይላቸው ነበር። እዚያው ባቫርያ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ማንቺንግ ላይ ከመሬት የወጡት 483ቱ ሙዚየም ገብተው በክብር ተቀመጡ። በኖቬምበር 2022 ሌቦች የስልክና የኢንተርኔት መስመር ቆርጠው በ9 ደቂቃ ይዘዋቸው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ተጠርጣሪዎች ሲያዙ የተገኘው ጥፍጥፍ ወርቅ ነው፤ ወደ 70 የሚጠጉ ሳንቲሞች ቀልጠው። ብራና በኪሎ የሸጠ ሰው ይህን ያህል አይከስርም።

የቀሩት ዘመዶች በጥብቅ ይፈለጋሉ። መልካቸው ቢጫ፣ ቁመናቸው ጎድጓዳ፣ ክብደታቸው 7 ግራም ተኩል ገደማ። ያሉበትን ለጠቆመ ወሮታ ታውጆ ነበር፤ በዩሮ።