የበቆሎ ጥብስ ከየት ይጀመራል?

ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ሰከላ ድረስ መጥተው ግሽ ዓባይን አይተዋል። የሰከላ ሰው ከጥንት የሚያውቀውን ምንጭ አውሮፓም ዐወቀው፤ ዓባይ ከየት ይነሣል የሚለው ጥያቄም ተዘጋ። ከሰከላ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መንገድ ዳር፣ በየዓመቱ በክረምት መውጫ የሚነሣው ሌላው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ተመራማሪ አላገኘም። የበቆሎ ጥብስ ከየት ይጀመራል? ከወፍራሙ ነው ከቀጭኑ?

ፍም ላይ የሚጋደም ምግብ በዓለም ሞልቷል። ጃፓኖች ዓሳ ፍም ላይ ዘርግተው ጣፋጭ መረቅ እየደጋገሙ ይቀቡታል። እኛ ጣና አጠገባችን ተኝቶ ሳለ ዓሳውን የምናውቀው የፈላ ዘይት ውስጥ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሙሉ አካሉን እንደያዘ፣ ያለ ዘይትና ያለ ቅመም፣ ፍም ላይ የሚጋደመው ባለማዕረግ በቆሎ ነው። ማር የሚቀባው የለም፤ አገሩ የማር አገር ቢሆንም ማሩ ለጠጅ ተይዟል። ጣፋጩን በቆሎው ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ግን አይታገሥም። ከአገዳው ከተገነጠለባት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል። ጧት ማሳ ውስጥ የነበረ እሸት ከሰዓት በኋላ ፍም ላይ ሲወጣ ይጣፍጣል፤ ሦስት ቀን ጆንያ ውስጥ ከርሞ አዲስ አበባ የደረሰው መንጋጋ ያሠራል። አዲስ አበቤ ይህን ሳያውቅ ጃንጥላ ይዞ ዝናብ ላይ ቆሞ ያመሰግናል፤ እግዜር ያጽናው።

ስለ ዘሩ አጭር እንሁን። ሜክሲኮ ውስጥ ከ9000 ዓመት ገደማ በፊት የተላመደ የሣር ወገን ነው። ጃቢ ጠህናን ወይም ወምበርማ ወርደው ገበሬውን ቢጠይቁት ግን የሚነግርዎ ስለ ሜክሲኮ አይደለም፤ ስለ «ስድስት ስልሳ» ነው። ከባኮ የምርምር ማዕከል በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚያልፈው ቢኤች 660 ማለቱ ነው። ከዚያ ሊሙ ይላል፣ ሾኔ ይላል፣ የማዳበሪያ ዋጋ ይላል። ማዳበሪያ ላይ ሲደርስ ነገሩ ወደ ሌላ የጥናት ዘርፍ ስለሚገባ ደብተራችንን አጥፈን ተነሥተናል።

ጠባሿ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። መሣሪያዋ የከሰል ማንደጃ፣ ከካርቶን የተቀደደ ማራገቢያና ሙቀት የማይሰማቸው ጣቶች ናቸው። ሌላው ዓለም መቆንጠጫ የሚገዛለትን ሥራ እርሷ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ትጨርሰዋለች። የአጠባበሱ ደረጃ ለብለብ፣ ብስልና ያረረ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሁሉም ሰው ብስሉን ያዛል። ሾፌሩ ጥሩምባ ከነፋ ለብለቡ ይደርሰዋል፤ ሾፌሩ ሻይ ላይ ከቆየ ያረረው። ብስሉ የደረሰው መንገደኛ በጥናቱ ወቅት አልተገኘም።

ጥሬውን መርጦ የሚያስጠብስ ገዢ ደግሞ ፈታኝ ነው። ሽፋኑን ከጫፉ ገለጥ ያደርግና ጺሙን ወዲያ ብሎ የአውራ ጣቱን ጥፍር ፍሬው ላይ ይሰካል። ወተት ዓይኑ ውስጥ ከተፈናጠቀ ገና ለጋ ነው፤ ጥፍሩ ገብቶ እንደ ሊጥ ከያዘው ደርሷል፤ ጥፍሩ አልገባ ካለ የወፍጮ ነው። እስከዚህ ድረስ ሳይንስ ነው። ችግሩ ፈታኙን አንድ አይበቃውም። አምስት ስድስቱን ወጋግቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የያዘውን ይገዛል፤ የተወጉት ቀጣዩን ገዢ ይጠብቃሉ፤ እርሱም «ይሄን ማን ነካካው?» ብሎ ሌላ ይወጋል። «ወንድሜ፣ ሙሽራ እኮ አይደለም የምትመርጠው!» የምትል ጠባሽ ለዘርፉ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ መስኮት በቆሎ። የመስኮት በቆሎ ማለት መኪናው ቆመ አልቆመ ሳይባል፣ በገዛ ሽፋኑ ተጠቅልሎ በመስኮት የሚገባ ነው። ብር ይወጣል፣ በቆሎ ይገባል፣ መኪናው ይነሣል። ሻጯ ልጅ መልሱን ይዛ ከመኪናው ጎን ስትሮጥ ማየት የተለመደ ነው፤ ሮጣም ትደርሳለች።

አንድ በቆሎ የገዛ መንገደኛ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ከባድ ችግር ውስጥ ነው። አጠገቡ ሰው እያለ ብቻውን አይበላም። ቆሎ ቢሆን ያዘግናል፤ ዳቦ ቢሆን ይቆርሳል። በቆሎን ለሁለት ቢሰብሩት ግን ወፍራሙ ለማን ይሁን? ወፍራሙን ለጎረቤቱ የሰጠ ያን ጫፉ ላይ ፍሬ ያልያዘውን ቀጭኑን ታቅፎ ይቀራል፤ ቀጭኑን የሰጠ ደግሞ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ቀና ብሎ አያይም። በጥርሳቸው የሚበሉት ጋጮች ለዚህ መልስ የላቸውም፤ የተጋጠ በቆሎ ለሰው አይዘረጋም። ስለዚህ መኪና ውስጥ ሥልጣኔው የፈልፋዮች ነው።

ፈልፋይ በመጀመሪያ ፈር ይቀድዳል። አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍሩ አንድ በአንድ እየነቀለ ይበላል፤ ይህ የድካሙ ዋጋ ነው። ፈሩ ከተከፈተ በኋላ ቀጣዩን ረድፍ በአውራ ጣቱ ሆድ ወደ ባዶው ሲገፋው ፍሬው በሰልፍ እየተነቀለ መዳፉ ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ጣልቃ ትገባለች። ፍሬዎቹ ገና ሲፈጠሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚበቅሉ የበቆሎ ረድፍ ቁጥር ሁልጊዜ ለሁለት ይካፈላል፤ 12፣ 14፣ 16 ይሆናል እንጂ 13 አይሆንም። ያላመነ ይቁጠር። እንግዲህ ከ14ቱ አንዱ ለፈር ሲወጣ 13 ይቀራል፤ ለሁለት ሰው ስድስት ስድስት ደርሶ አንዷ ትተርፋለች። ይህች ረድፍ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ መካከል ስንት ትሕትና አስወጥታለች! ገዢው «ውሰዳት» ይላል። ጎረቤቱ «አይሆንም፣ ያንተ ናት» ይላል። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» ይባባላሉ። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ከሞቱ በኋላ ረድፏ ለረዳቱ ትሰጣለች። ረዳቱ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ጎረቤትም ዓይነት አለው። «ይብሉ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁ» የሚለው ሦስተኛው ልመና ላይ መዳፉን ይዘረጋል፤ በሁለተኛው የተወው ገዢ ባለጌ ተብሎ ይመዘገባል። የሚተኛም አለ። የጥብሱ ሽታ ሲመጣ እንቅልፉ ይብስበታል፤ ምራቁን ሲውጥ ግን ጉሮሮው ይታያል። እንዲህ ያለውን ቀስቅሶ ማካፈል ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ከኋላ ወንበር ያሉት ሊቃውንት አልተስማሙም። «ጾመኛ ነኝ» ማለት የሚያዋጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በቆሎውን ቅቤ አልነካውም።

በእናቱ ጭን ላይ ያለ ሕፃን ሲመጣ ግን ምደባው ሁሉ ይፈርሳል። ሕፃን አይፈለፍልም፣ በሞቴ አይባልም። በቆሎውን ከነሙሉው ተቀብሎ በሁለት እጁ ይይዝና ከመካከሉ ይጀምራል። ከወፍራሙም ከቀጭኑም አይደለም፤ የዓመታት ጥያቄያችን በአንድ ጥርስ ተዘጋ። ሁለት ፍሬ ከነከሰ በኋላ በአመድና በምራቅ የተለወሰውን መልሶ ለገዢው ይዘረጋል። እናቱም «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጋሼን አጉርስ» ትላለች። ጋሼም ይጎርሳል፤ ምን ያድርግ።

ስለ ቆረቆንዳው አንድ ነገር ልበልና ላብቃ፤ ይሄኛው ጥናት አይደለም፣ ልመና ነው። በመስኮት አትወርውሩት። ከኋላ ባጃጅ አለ፤ ባጃጁ ውስጥም ሰው አለ። እግራችሁ ሥር አስቀምጡትና ስትወርዱ ይዛችሁት ውረዱ፤ ሲደርቅ ማገዶ ይሆናል።