ዋሽንት በንባብ ቤት፦ የምድብ ጥናት

ጥናቱ የተካሄደው መጽሐፍ በሚመረቅባቸው የቤተ መጻሕፍት አዳራሾች ነው። አንጋፋውን፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውን፣ ሕዝቡ «ወመዘክር» ይለዋል። ግዕዝ የቀመሰ ሰው እንደሚረዳው «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው በአፍ ልማድ ተቆርጦ ቀርቶ የተረፈው «እና መዘክር» ብቻ ነው። መጻሕፍቱ ከስሙ ከወጡለት በኋላ ሙዚቃ ቢገባበት የሚደነቅ መኖር የለበትም።

«ጸጥታ ይከበር» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የሚሰማው ሙዚቃ በአራት ይከፈላል። በገና በ10 አውታሮቹ ለቦታው የተፈጠረ ይመስላል፤ ሲያበቃ ይጨበጨብ ወይስ አይጨበጨብ የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተፈታም፤ ግማሹ አዳራሽ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ያማትባል። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ስለሆነ ጭምት ይመስላል፤ ባለቤቱ ግን ጭምት አይደለም። አዝማሪ በገባበት የክብር እንግዶች በየስማቸው ይወደሳሉ፣ የተወደሰም ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል፤ በንባብ ቤት ደንብ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የደረሰኝ ዓይነት የለም። ክራርን እናልፈዋለን። አጥኚው በተገኘባቸው ምሽቶች ሁሉ ክራሩ ሲቃኝ አምሽቷል።

ዋሽንት ሰፊ ቦታ ይሻል። መግቢያ ዋሽንት፣ አጃቢ ዋሽንትና መሸኛ ዋሽንት ተብሎ ይከፈላል። አጃቢው በተራው እንደሚያጅበው ግጥም የአገር፣ የስደት፣ የዝናብና የእናት ዋሽንት ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ጥልቅ ምርመራ የሚገባው የእናት ዋሽንት ነው።

የእናት ዋሽንት ገጣሚው «እማዬ» ባለ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ይጀምራል፤ መጀመር አለበት ማለታችን ነው። ችግሩ ከመሣሪያው ይመነጫል። አራት ቀዳዳ ያላት አንዲት ሸምበቆ እንደ ክራር ጠበቅ ወይም ላላ አትደረግም፤ ድምፅዋ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ዋሽንተኛ ረጅምና አጭር ዋሽንቶቹን በከረጢት ይዞ ይዞራል። ገጣሚው እናቱን አልጋ ላይ ሲያስተኛ ዋሽንተኛው የመጀመሪያዋን ይሞክራል፤ ቀጥና ትወጣለች። እናት ስትናዘዝ ሁለተኛዋን ያወጣል፤ ወፍራም ናት። ሦስተኛዋ ልክ ስትሆን እናት ተቀብራ፣ ሰልስቷ አልፎ፣ ግጥሙ ዓባይ ደርሷል። በዚህ መንገድ እናት ያለ ዋሽንት ትቀበራለች፣ ዓባይ ደግሞ ያላሰበው ለቅሶ ይደርሰዋል።

በዚህ ምድብ ሥር ሦስት እናቶች አሉ፤ በሕይወት ያለች፣ የሞተችና ከፊት ወንበር የተቀመጠች። ሦስተኛዋ በብዛት ትገኛለች። ነጠላዋን አጣፍታ ልጇ በግጥም ሲገድላት ታዳምጣለች፤ ዋሽንቱ ሆዷን አባብቶት ከሁሉ በፊት የምታለቅሰው እሷ ናት። ምረቃው ሲያበቃ ልጇን ጠጋ ብላ «ለመሆኑ ማን ሞቶብህ ነው?» ያለችም አለች።

የሚነፋው ቅኝት ሁልጊዜ ትዝታ ነው። የተዘለሉት ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ስለሆነ፣ ወሎዬው አጥኚ እዚህ ላይ ገለልተኛነቱን ለመጠበቅ ተቸግሯል።

ከዚህ በኋላ የስያሜው ጉዳይ ይመጣል። በግብዣ ወረቀቶች ላይ ዋሽንት «ለስለስ ያለ ሙዚቃ» ተብሎ ይጻፋል። አጥኚው ላስታ ተወልዶ ያደገ እንደመሆኑ ይህን በዝምታ ሊያልፈው አልቻለም። ዋሽንት እኛ ዘንድ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት ሆኖ፣ ገደሉን አሻግሮ ለማዶ እረኛ የሚነፋ ነገር ነው፤ ማዶ ካልተሰማ ሥራውን አልሠራም። ይህንኑ መሣሪያ አራት ግድግዳ መሐል አስገብቶ፣ ማይክ ደግኖለት፣ ለስላሳ ማለት ይደንቃል። አገራችን በለስላሳ ነገር ታምታም አታውቅ። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ለልደት የመጣ ሰው፣ ካህናቱ ግማሹ ከማሜ ጋራ አፋፍ፣ ግማሹ ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲቀባበሉት ሰምቷል፤ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ላስታ ውስጥ ለስላሳ ሙዚቃ ከተፈለገ የሚገኘው ከራሱ ከንባቡ ነው። አያቴ ዳዊታቸውን የሚደግሙት ሌሊት፣ እሳቱ ሳይቆሰቆስ ነበር። 150ውን መዝሙር ለሰባት ቀን አካፍለውት፣ የዕለቱን ድርሻ ከንፈራቸው ሳይከፈት ይወጡታል፤ ቃሉ አይለይም፣ እንደ ቀፎ ንብ የሚል ድምፅ ብቻ ከመደቡ በኩል ይመጣል። እኛ ልጆቹ ያ ድምፅ ሲቋረጥ እንነቃ ነበር። ይህ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ አጥኚው ብዙ አስቦበታል። መሣሪያ የለውም፣ ግብዣ ወረቀት የለውም፣ እናትም አይሞትበትም።

መሸኛ ዋሽንት የሚለው ምድብ ይቀረናል። ሆኖም አጥኚው መሸኛውን ሳይጠብቅ ስለወጣ ሊጽፈው አይችልም። የወጣው ስሙ እዚህ ከማይጠቀስ ንባብ ቤት፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ሽማግሌ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ትንሽ ዳዊት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያነበንባሉ። ያው የንብ ድምፅ ነው። ቆሜ ሳዳምጥ አንዲት አስተናባሪ ከውስጥ በጥፍሯ ቆማ መጣች።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልን። ዋሽንቱ እየተረበሸ ነው።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉና ዳዊታቸውን አጥፈው ወደ ማኅደሩ መለሱት።

ውስጥ ገጣሚው «እማዬ» አለ፤ ከረጢት ሲከፈት ተሰማ።