የሬዲዮ ወግ ቀረጻ፦ ዘዴው፣ ዓይነቶቹና ደዌዎቹ

የሬዲዮ ወግ ቀረጻ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በሬዲዮ ሲጨዋወቱ የሚሰማ ሌላ ሰው፣ ጨዋታው አየር ላይ ተበትኖ እንዳይቀር በኪስ በሚያዝ ዲጂታል መቅረጸ ድምፅ የሚያስቀርበት ሥራ ነው። ሠራተኛው ቀጂ፣ የሥራው ውጤት ቅጂ ይባላል። ዘፈን የሚቀዳ ሰው በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም፤ ዘፈን ተመልሶ ይመጣል። ዜና የሚቀዳም አይገባም፤ ዜናም ጥቂት ተለውጦ ተመልሶ ይመጣል። የማይመለሰው ወግ ነው፦ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር የአሰብን መንገድ ሲያወራ፣ የድሮ ተዋናይት ከመጋረጃ ጀርባ የነበረውን ስትተርክ፣ ወይም ለትዳር አማካሪው የደወለ አድማጭ «የምጠይቀው ለጓደኛዬ ነው» ሲል።

የዲጂታሉ ቀጂ ቀጥተኛ አያት የካሴት ቀጂ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ቴፕ አጠገብ ጣቱን ቁልፍ ላይ አድርጎ የተቀመጠው እሱ ነበር። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ የሚይዘው 30 ደቂቃ በመሆኑ፣ ካሴቱ እስኪገለበጥ ያለፉት ዓረፍተ ነገሮች በቅጂው ላይ የሉም፤ እዚያ ቦታ ሲደረስ ከቤተሰቡ አንዱ በቃሉ ይሞላዋል። ካሴት ገንዘብ ስለሚጠይቅ ቀጂው መምረጥ ነበረበት። ለአዲስ ወግ ሲባል የሠርግ ዘፈን ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ተብሎ የካሴቱ ጥርስ ተሰብሮ ከሆነም ቀዳዳው በወረቀት ይወተፋል። ዲጂታሉ መሣሪያ ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀርቷል። በ128 ኪሎቢት የሚቀዳ ኤምፒ3 በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 70 ሰዓት የሚጠጋ ወግ ይይዛል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. አየር ላይ ከዋሉ ወዲህ የሚቀዳ ወግ ጠፍቶ አያውቅም። 70 ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው የጠፋው።

የመቅዳት ዘዴ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ይባላል፤ መቅረጫው የጠረጴዛውን ንዝረት እንዳይሰማ በታጠፈ ጋቢ ላይ ተጋድሞ ወደ ሬዲዮው አፍ ይዞራል። ሁለተኛው በገመድ ነው፤ ከሬዲዮው የኢርፎን ቀዳዳ ወደ መቅረጫው ማይክ ቀዳዳ። የማይክ ቀዳዳ የሚጠብቀው እጅግ ደካማ ድምፅ ስለሆነ፣ ሬዲዮው ትንሽ ከፍ ካለ የተከበረው እንግዳ ንግግር ይፈነዳል። ከዚህ የከፋው ግን የኪስ ሬዲዮ ነው። በብዙዎቹ ላይ አንቴናው የኢርፎኑ ሽቦ ራሱ ነው፤ ኢርፎኑን ነቅሎ አጭር ገመድ የሰካ ቀጂ ጣቢያውን አብሮ ይነቅለዋል። ሦስተኛው ዘዴ በሞባይል መቅዳት ሲሆን፣ ወጉ ሲሞቅ ስልክ ስለሚደወል እዚህ ጥናት ውስጥ አልገባም።

መሣሪያው ሰዓት ጠብቆ በራሱ የሚነሣበት ታይመርም አለው። የኢትዮጵያ ቀጂ ከታይመር ጋር ያለው ጉዳይ ሰፊ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ዝግጅት መሣሪያው ዘንድ 9 ሰዓት ፒኤም ነው። ጀማሪ ቀጂ 3 ሰዓት ፒኤም ብሎ ይሞላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያገኘውም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተላለፈ የእግር ኳስ ትንተና ነው። ደረጃ ሁለት የደረሰ ቀጂ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ያውቃል፤ የሚያስጨንቀው ይደመር ወይስ ይቀነስ የሚለው ነው። ጭንቀቱ ከንቱ ነው፤ 12 ሰዓት ብቻ ባለው ሰሌዳ ላይ ለ3 ስድስት ቢደመርለትም ቢቀነስለትም 9 ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ከኤኤምና ከፒኤም ሲሆን፣ ያኔ የሚቀዳው የጠዋቱ የመንገድ መጨናነቅ መረጃ ነው። ሦስተኛው ቀጂ ሊቅ ነው። እሱ የሚያስተካክለው መሣሪያውን ራሱን ነው፤ ምሽት 3 ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ፒኤም ብሎ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ ኤኤም ማለት ቀን፣ ፒኤም ማለት ሌሊት ይሆናል፤ ዕለቱም በውድቅት መለወጡ ቀርቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል፤ ደግ ነው። ሊቁ የሚወድቀው በዚህ ተደፋፍሮ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞላ ነው። መሣሪያው ጥቅምትን በ28 ይዘጋል፣ ለመስከረም 31ኛ ቀን ይመርቃል፣ ጳጉሜን ሲባል ጨርሶ አይሰማም። በዚህ ዓይነት መሣሪያ የተቀዳ የጳጉሜን ወግ የለም፤ ቢኖርም መስከረም ነኝ ባይ ነው።

ፊት ለፊት የሚቀዳ ሰው ቤቱንም አብሮ ይቀዳል። ሙቀጫና ዘነዘና፣ የፍሪጅ ሞተር፣ በር፣ ውሻ፤ እነዚህን መመደብ አያስፈልግም፣ ጉዳት የላቸውም። ቆራሌው ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ቆራሌው ጠዋቱን በሙሉ ሰፈር ውስጥ ነው፤ አጥር ሥር ደርሶ «ቆራሌው!» የሚለው ግን እንግዳው «ያንን ገንዘብ ይዞ የጠፋው ሰው እንግዲህ…» ብሎ ስም ለመጥራት አፉን ሲከፍት ነው። በዚህ ምክንያት ከቅጂ የተሰወረ ስም ብዙ ነው፤ ባለ ስሞቹ የቆራሌው ባለዕዳ ናቸው።

ከዚህ ጫጫታ ለመሸሽ አንዳንዱ ቀጂ ድምፅ ሲኖር ብቻ የሚነሣውን፣ ዝም ሲባል የሚያርፈውን ቅንብር ይከፍታል። ይህ ቅንብር የተሠራው አዛውንት ጠይቀው ለማያውቁ ሰዎች ነው። አዛውንቱ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ዝም ይላሉ፣ ያስባሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። መሣሪያው ዝምታውን ቆርጦ ይጥላል፤ ሲነሣም ዘግይቶ ስለሚነሣ የመልሱን የመጀመሪያ ቃል ይበላል። በቅጂው ላይ የሚሰሙት ሰው እንግዲህ ጥያቄው ሳያልቅ ከመሀል የሚጀምሩ ችኩል ሽማግሌ ናቸው።

ከቀጂዎች ሁሉ በቁጥር ትንሹ፣ ለጥናት ግን ከባዱ ራስ ቀጂ ነው። ራስ ቀጂ ወደ ጣቢያው ደውሎ አስተያየት የሚሰጥና ያንኑ የራሱን አስተያየት ከሬዲዮ ላይ የሚቀዳ አድማጭ ነው። የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ አየር ላይ መዋሉን የሚመሰክርለት ማስረጃ። ዕንቅፋቱ ግን ቀላል አይደለም። ደዋዩ አጠገብ ሬዲዮ ከተከፈተ፣ ከሬዲዮው የሚወጣው ድምፅ በስልኩ ወደ ጣቢያው ይገባል፤ ከጣቢያው ደግሞ ተመልሶ በሬዲዮው ይወጣል፤ መጨረሻው ፉጨት ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ከሰላምታ ቀጥሎ «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» ይላል። ሬዲዮው ከተቀነሰ ቅጂ የለም፤ ካልተቀነሰ ደዋይ የለም። ራስ ቀጂ ይህን ለማምለጥ በሄደበት መንገድ በአራት ይከፈላል።

አንደኛው ታዛዡ ነው። ቀንስ ሲሉት ይቀንሳል፤ መቅረጫው ግን ጋቢው ላይ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ቅጂው ሲከፈት አዘጋጁ የለም። ያለው አንድ ሰው ብቻውን «አቤት… አዎ፣ ቀነስኩት… ከሳሪስ ነኝ… ኧረ ይሰማኛል… እንግዲህ እኔ የምለው…» ሲል ነው። ቤተሰቡ በክብር ያዳምጣል። ይሁንና ከዚህ ቅጂ ተነሥቶ ሰውየው ከሬዲዮ ጣቢያ ጋር ተነጋግሯል ማለት አይቻልም፤ ለውኃ ቦቴ ሹፌር መንገድ ሲያሳይም የሚናገረው እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው እምቢተኛው ነው። «ቀንሻለሁ» ይላል እንጂ አይቀንስም። የእሱ ቅጂ ሰላምታ፣ ፉጨትና ዘፈን አለው። ዘፈኑ አዘጋጁ መስመሩን ከዘጋ በኋላ የከፈተው ነው።

ሦስተኛው ወኪል ያቆማል። እሱ የግቢ በር ላይ ቆሞ ይደውላል፤ ሬዲዮውና መቅረጫው ሳሎን ውስጥ በታመነ ሰው እጅ ይቀራሉ። ዘዴው እንከን የለውም፤ እንከኑ ያለው የታመነው ሰው ላይ ነው። ወኪሉ ልጅ ከሆነ ቅጂው ከዳር እስከ ዳር «አባዬ ነው! አባዬ ነው! ዝም በሉ!» የሚል ጩኸት ነው፤ ከዚህ ልጅ በቀር የሚጮኽ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ወኪሉ ጎረቤት ከሆነና በአስተያየቱ ካልተስማማ መልሱን እዚያው ይሰጣል፤ የጎረቤቱ ሐሳብ ሳይደውል፣ የስልክ ሒሳብ ሳያወጣ፣ ከደዋዩ ሐሳብ በላይ ጎልቶ ይቀዳል። ወኪሏ ባለቤቱ ስትሆን የቅጂው ጥራት ተወዳዳሪ የለውም። ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ቡና የተጠሩትን ዝም ታሰኛለች። ደዋዩ «በትዳር ውስጥ ዋናው ነገር መደማመጥ ነው» ሲል ግን አንድ አጭር ሳቅ ይሰማል። በዚህ ዘርፍ ከተሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ ጥርት ብሎ የተቀዳው ይህ ሳቅ ነው።

አራተኛው ባለ ገመዱ ነው። ገመዱ ሲሰካ ሬዲዮው ድምፁን ያጠፋል፤ ፉጨት የለም፣ ልጅ የለም፣ ሳቅም የለም። ባለ ገመዱ በተረጋጋ መንፈስ፣ ወረቀት ላይ የጻፈውን እያነበበ አስተያየቱን ይጨርሳል። ከዚያ መቅረጫውን ያነሣል። በመሣሪያው ጎን «ሆልድ» የምትባል የጥፍር ጫፍ የምታህል ማንሸራተቻ አለች፤ ሥራዋ ኪስ ውስጥ ቁልፎች በስሕተት እንዳይጫኑ መቆለፍ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፋለች። ቀጂው ቀዩን ቁልፍ በሚገባ ተጭኖ ነበር፤ መሣሪያው ግን መጫኑን አልተቀበለውም።

ቅጂው በሰመረ ጊዜም ቢሆን በውስጡ ያለው ነገር መለካት አለበት። ራስ ቀጂ አዘጋጁን ያመሰግናል፣ የጣቢያውን ባለቤቶች ያመሰግናል፣ የድምፅ ባለሙያውን በስሙ ይጠራል፣ በአገር ውስጥና በውጭ ላሉ አድማጮች ሰላምታ ያቀርባል፣ መስመሩ ባለፈው ሳምንት እንዴት እንዳስቸገረው ይተርካል፣ «ወደ ዋናው ሐሳቤ ስገባ» ይላል። ከዚህ በኋላ የሚሰማው አዘጋጁ «ሰዓታችን እየተገባደደ ስለሆነ እናመሰግናለን» ሲል ነው። ዋናው ሐሳብ ምን እንደነበረ ከራስ ቀጂው አፍ ብቻ ይገኛል፤ እሱም በጠየቁት ቁጥር ይናገራል። እንዲህም ሆኖ በቤቱ ካሉት ቅጂዎች ሁለት ጊዜ የተሰማው ይኸው ብቻ ነው። ልጆቹ አድገው አንዱ ዱባይ፣ አንዷ ዋሽንግተን ከገቡ በኋላ በቴሌግራም ላኩልን የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ ሳቁ ያለበትን።

አምስተኛና ስድስተኛ ዓይነትም ተመዝግበው ነበር፤ ሲመረመሩ ሁለቱም ሦስተኛው ሆነው ተገኙ። ምደባው ይብቃው።

የተቀዳ ነገር ይቀመጣል። ስለ ማዳመጥ የሚባል ብዙ የለም። ፋይሎቹ ስማቸው ቁጥር ነው፤ እንግዳው ማን እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን ከፍቶ አዘጋጁ እንግዳውን እስኪያስተዋውቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የስፖንሰሮች ዝርዝር አለ። ጣቢያዎቹ ራሳቸው ዝግጅቶቻቸውን በዩቲዩብና በቴሌግራም ይለቃሉ፤ ታዲያ መቅዳት ለምን አስፈለገ ቢባል ቀጂው ይቀየማል። ያኛው ማስታወቂያው ወጥቶለት፣ ዜናው ተቆርጦለት የቀረበ፣ ተፈልፍሎ የተሰጠ ባቄላ ነው። የእሱ ቅጂ ግን የሳሙናውን ማስታወቂያ፣ የመብራቱን ብልጭታ፣ ቆራሌውን ሁሉ ይዟል።

የዘርፉ ታላቅ ደዌ ክፍል ሦስት ነው። እንደ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ያለ ዝግጅት የአንድን ሰው ታሪክ በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ያወርዳል፤ ቀጂው ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለትና ክፍል አራት አለው። ክፍል ሦስት በተላለፈበት ሳምንት ለቅሶ ነበር፤ ወይም መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ወይም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በጥርስ ተነክሶ፣ ገና ይሠራል የተባለው ባትሪ ድንጋይ ሰላምታው ላይ ሞቶ ነበር። ክፍል ሁለት እንግዳው ባሕር ማዶ ሊሄድ ሻንጣውን ሲያስር ያልቃል፤ ክፍል አራት ሲጀምር ሦስት ልጆች አሉት። ሁለት ቀጂዎች ተገናኝተው ቢለዋወጡ የሚያተርፉት እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ክፍል አራት ነው። ክፍል ሦስት በእጁ ያለ አንባቢ ካለ ሚሞሪውን ይዞ ብቅ ይበል፤ ማስታወቂያውን ግን እንዳይቆርጥ።