ክርስትና የምትነሣው ሆፕ

ባለፈው ጥር በጥሊሊ የእኅቴን ልጅ ስንድር፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የሙሽራዪቱ ወንድም እናቱ የቀዳችለትን ጠላ በእጁ ገፋ አድርጎ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ወደ ላይ እያነሣ «እኔ የምጠጣው የአገሬን ምርት ነው!» ብሎ አስተማረን። ገብሱ ከማሳችን፣ ጌሾው ከአጥራችን ሥር የሆነው ጠላ መጻተኛ ሲባል፣ መራራ አበባው ሆፕ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለት ቢራ ዋልያ ወይም ዳሽን የሚል ስም ስለ ተለጠፈበት ባለ ርስት የሚሆንበትን ይህን ረቂቅ ምሥጢር አእምሮዬ ለመቀበል ጥቂት ቢዘገይም፣ አሁን ግን አምኜአለሁ።

ካመኑ ዘንድ ሥርዓቱን ማጓደል አይገባም፤ ሆፕ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስትደርስ ክርስትና ትነሣ። ለጠመቃ የሚፈለገው የእንስቲቱ ተክል አበባ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንደ ሴት ልጅ ሥርዓት እስከ 80 ቀን በመጋዘን ትቆይ፤ በመምረር ይዛመዳሉና የጥሊሊ ጌሾ ክርስትና እናት ትሁናት፤ ካህኑም ወለተ ጊዮርጊስ ብለው ሰይመው ማኅተብ በአንገቷ ይሰሩላት፤ አንገት ከሌላት በጆንያዋ አፍ ላይ ይታሰር። ክርስትና እናቲቱ እግር የላትምና ሞጆ ድረስ በጭነት መኪና ትሂድ፤ አበሉን አስመጪው ይቻል፤ ስትመለስም ለልጇ የጥምቀት በዓል ጠላ ትጥመቅ፤ ምንም እንኳ ያን ጠላ የሚጠጣላት ባይገኝ። ከውጭ የገባ ብቅል ካለ፣ ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን ሊቃውንት እስኪለዩ ድረስ ንኡሰ ክርስቲያን ሆኖ ይቈይ። የባቫሪያ መሳፍንት በ1516 (በእነርሱ አቈጣጠር ነው) ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ሲደነግጉ ስለ ስሙ አንዲት ቃል አለመተንፈሳቸው፣ ምን ያህል ያልሠለጠኑ እንደ ነበሩ ያስረዳል።

ሆፕ ከውጭ መምጣቷ ነውር የለውም። ቢራውም ይጣፍጣል፤ እኔም እጠጣለሁ። እናት ብቅሉን አብቅላ፣ አሻሮውን ቈልታ፣ ዓይኗ በጢስ እስኪቀላ የደከመችበትን ግን በአገር ፍቅር ስም መግፋት ብልግና ነው።

እኅቴ ምንም አላለችም። ብርጭቆውን አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ከላዩ አንዲት የጌሾ ስባሪ ተንሳፍፋ ነበር፤ እፍ ብዬ ወደ ዳር ገፋኋትና ጠጣሁት።