የሰሊጡ ወርቅ

ሸሕዲ ላይ ሥራ ፈት የለም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲሰበስብ፣ ዝንጅብል የበዛበት ቡና ይዘው የተቀመጡትን ያየ እንግዳ ወሬ የያዙ ይመስለዋል። ተሳስቷል፤ ሥራ ላይ ናቸው። ዘፈን እየፈቱ ነው።

አንዱ ስልኩን ብርጭቆ ላይ ያስደግፍና አዲስ የወጣውን ዘፈን ይከፍታል። ሌሎቹ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ዘፋኙ «ዓይንሽ» ካለ ስለ ዓይን እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ዓይን ድንበር ነው። «ጠጉርሽ» ካለ ደግሞ በጀት። «እወድሻለሁ» ያለ እንደሆነ ግን ጠረጴዛው ጸጥ ይላል፤ ይህን ያህል በግልጽ የተነገረ ነገር ከባድ ምሥጢር ሳይኖረው አይቀርምና።

ሰሊጥ ታጭዶ ሠርግ በበዛበት ሰሞን አንድ ባለ ማሲንቆ ሙሽራዋን «ሰሊጤ» እያለ አወደሰ። በሰሊጥ አገር ለሙሽራ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? በማግስቱ ጉባኤው ተሰየመ። «ሰ» ሰው ነው፣ «ሊጥ» ያው ሊጥ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሊጥ ሆነ ማለቱ ነው ተባለ። ሌላው ነገሩን አጠለቀው፦ ሊጥ ማለት ያልተጋገረ ነው፤ ያልተጋገረ ደግሞ ያላለቀ ሽግግር ነው። ጭብጨባ ሆነ። ባለ ማሲንቆው ተጠርቶ ሲጠየቅ «ኧረ እኔ ሰሊጥ ማለቴ ነው» አለ። ፍርሃቱ አሳዘናቸው።

በዚህ በኩል የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ መምህራን ኋላ ቀር ናቸው ማለት ይቻላል። ተማሪያቸው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ አበሳውን ያያል፤ ሲቀኝም ሰሙና ወርቁ ካልገጠሙ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። ወርቅ አለ የሚል ሰው ሰሙንም ያሳይ ይላሉ። የእኛ ጠረጴዛ ከዚህ ጣጣ ገላግሎናል፤ ሰም አያስፈልግም፣ ሁሉም ወርቅ ነው፣ አራሚም የለም። የቆሎ ተማሪ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመነበትን ማዕረግ እኛ በአንድ ስኒ እንይዘዋለን።

እንግሊዞችም ይህ ሱስ አለባቸው፤ ግን በሕግ አስረው አበላሹት። ጋዜጦቻቸው ላይ ባዶ ሳጥን የሚያስሞላ፣ ፍንጩ የተመሰጠረ የቃላት እንቆቅልሽ አለ። ፍንጩ በአንድ ጫፉ የመልሱን ፍቺ ይይዛል፤ በቀረው ክፍሉ በቃላት ጨዋታ ወደዚያው መልስ ያደርሳል። ሁለቱ ካልተገናኙ ፈቺው ተሳስቷል። ይባስ ብሎ መልሱን ያትሙታል! ታዲያ ሰው ምኑን ይከራከር?

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1944 እ.ኤ.አ.፣ ወደ እኛ ደረጃ ተጠግተው ነበር። ሊዮናርድ ዳው የተባለ ርዕሰ መምህር ለዴይሊ ቴሌግራፍ ባዘጋጃቸው እንቆቅልሾች ውስጥ፣ ከኖርማንዲ ወረራ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ «ዩታ»፣ «ኦማሃ»፣ «ኦቨርሎርድ»፣ «መልበሪ»፣ «ኔፕቱን» የሚሉ የዘመቻው የምሥጢር ስሞች ተከታትለው ወጡ። የደኅንነት ሰዎች መጥተው መረመሩት። ሰላይነቱን የሚያሳይ ነገር ስላጡ ተዉት። በ1984 አንድ የቀድሞ ተማሪው፣ ቃላቱን ከወታደሮች ሰምተን ያቀበልነው እኛ ልጆቹ ነበርን ሲል ተናገረ። እንግዲህ ማስረጃ ስላጡ ብቻ ሰው ይተዋሉ! የእኛ ጠረጴዛ ቢሆን፣ መተዉ ራሱ ሌላ ቅኔ በሆነ ነበር።

ለነገሩ ቆላው ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል ይል ነበር፤ የቋራው ካሣ እንቆቅልሹን ፈትተው መልሱን ራሳቸው ላይ አገኙት። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ስማቸው ቴዎድሮስ ሆነ። እዚያ ለመድረስ ግን ስንቱን መስፍን በጦርነት ማሸነፍ ነበረባቸው። የእኛዎቹ ፈቺዎች ድካም ፀሐይ በዞረች ቁጥር ወንበር ማዞር ነው።

የሚጎዳው በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ «ውሃ አልቋል» ብትል፣ ውሃው ማን እንደሆነ፣ ማንስ እንደጨረሰው ተተንትኖ እስኪያልቅ ጀሪካኗ ባዶውን ይቆያል። አንድ ሰው ተነሥቶ ቢቀዳላት ትንታኔው ይቋረጣል።

ያ ሽግግሩን ከሊጥ ውስጥ ያወጣው ሊቅ በቀደም ሰሊጡን ሸጠ። የሒሳቡን ወረቀት ሰጡት፤ ሳያነብ ፈረመ፤ በኪሱ ከትቶ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ብሩን ሲቆጥር ወረቀቱ ወደቀ። ጫማ የሚጠርግለት ሊስትሮ አነሣውና አነበበው።

«ጋሼ፣ ለባዕድ ነገር ብለው አንድ ኩንታል ቀንሰውብዎታል እኮ!»

ሊቁ ወረቀቱን ተቀበለ። መነጽሩን አደረገ፤ አየት አደረገው፤ ገልብጦም ጀርባውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ቆይ… ባዕድ ያለው ማንን ነው?»

ወንበሮች ተጠጉ።